«ትርፍ ሰዓት» የማን ትርፍ ነው?

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከመጽሐፍ ያገኘነው አይደለም። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዳንግላ በተመለስን ጊዜ ከገዛ ሥራችን የተነሣ ጥያቄ ነው። ሥራው መልካም መስሎን ነበር፤ ዛሬም በከፊል መልካም ይመስለናል። ነገር ግን ከዚያች ምሽት ወዲህ ሲከነክነን ስለቆየና በመካከላችንም ክርክር ስላስነሣ ሳንሸሽግ ልንጽፈው ወሰንን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሰንበት ትምህርት ቤታችን መሰብሰቢያ የሚሆን አነስተኛ አዳራሽ ይሠራ ነበር። ገንዘቡ ከምእመናን ጥቂት በጥቂት የተለቀመ ነው። ሥራውን በሚቆጣጠረው ኮሚቴ ውስጥ ከእኛ ከተማሪዎቹ ሦስታችን ገባን። ሶሌታው በሚሞላበት ቀን 12 የቀን ሠራተኞች ተቀጠሩ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ከከተማው ውጪ፣ ከገጠር ቀበሌዎች እየተመላለሱ የሚሠሩ ነበሩ። ስምምነቱ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ በመካከሉ የአንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍት፣ የቀኑ ሒሳብ 400 ብር የሚል ነበር። ዳሩ ግን ሚክሰሩ በጧት አልነሣ ብሎ ሁለት ሰዓት ያህል ስላስቆመን 11 ሰዓት ሲሆን የሶሌታው ሲሶ ገና ባዶ ነበር።

የግንባታን ሥራ የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ አርማታ ተጀምሮ በመካከል አይተውም። ዛሬ የፈሰሰው ከደረቀ በኋላ በማግሥቱ አዲስ ቢጨመርበት ሁለቱ እንደ አንድ አካል አይያያዙም፤ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል፤ ውሃም ያስገባል። ስለዚህ ፎርማኑ «ዛሬ ማለቅ አለበት» አለ። እውነቱን ነው። እኛም ወደ ሠራተኞቹ ዞር ብለን «ወንድሞቻችን፣ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፤ ትንሽ እናምሽ፤ ለበረከት ነው» አልናቸው። ማንም መልስ አልሰጠንም። ከመካከላቸው በዕድሜ ገፋ ያሉት አንድ ሰው ባሬላቸውን አንሥተው ወደ አሸዋው ሄዱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። አምፑል ተንጠልጥሎ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተሠራ። እኛም እጅጌያችንን ሰብስበን አብረን ተሸከምን። ሲያበቃ ለእያንዳንዳቸው 400 ብር ቆጥረን ሰጠን፤ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለን ተሰነባበትን። ወደየቤታችን የገባነው ደስ ብሎን ነበር።

በማግሥቱ ከ12ቱ ሠራተኞች ተመልሰው የመጡት 3 ብቻ ናቸው።

በኮሚቴው ውስጥ «የዛሬ ጊዜ ሰው ሥራ አይወድም» ያለ አልጠፋም። እኛም ለጊዜው ተስማምተን አለፍን። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን እኒያን ባሬላቸውን ቀድመው ያነሡትን ሰው በገበያ አገኘናቸውና «አያ፣ ምነው ቀሩብን?» ብለን ጠየቅናቸው። ሰውየው አልተቈጡም። «ልጆቼ፣ ለበረከት ብትጠይቁኝ እሰጥ ነበር፤ እናንተ ግን አልጠየቃችሁኝም፤ ነገራችሁኝ» አሉን። ያን ዕለት ማታ ቤታቸው የደረሱት በእግራቸው አንድ ሰዓት ከመንፈቅ በጨለማ ተጉዘው እንደነበረም ከጨዋታ መካከል ሰማን።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። ያልተጠየቀ ሰው የሰጠው ነገር ስጦታ ሊባል ይችላልን?

ስጦታ ማለት የሰጪው ፈቃድ ያለበት ነገር ነው። ፈቃድ አለ ለማለት ደግሞ «አይሆንም» ማለት መቻል ያስፈልጋል። ያን ማታ ከሠራተኞቹ አንዱ «እኔ ልሂድ» ቢል ምን ይደርስበት ነበር? እኛ ምንም አናደርገውም ነበር ብለን እናስብ ይሆናል። እርሱ ግን ይህን ከምን ያውቃል? የሚያውቀው ሌላ ነው። በየጧቱ ዶማና አካፋ ይዞ ከሚቆምበት ቦታ ላይ፣ ትናንት አስቸገረ የተባለ ሰው ዛሬ እንደማይመረጥ ያውቃል። ያ ቀን የተቈረጠለት 400 ብርም ገና በእጃችን ነበር። የነገ እንጀራውና የዛሬ ደመወዙ በእኛ እጅ ባለበት ሰዓት ዝም ማለቱን እንደ እሺታ ቈጠርነው። ያም ሳይበቃ ዝምታውን በረከት ብለን ጠራነው። እርሱ ለእግዚአብሔር የሚሰጠውን እኛ መድበን ከተቀበልን፣ ሰጪው እርሱ መሆኑ ይቀርና ከእርሱ ወስደን የሰጠን እኛ እንሆናለን።

ከመካከላችን አንዱ «እኛስ ብንሆን ያለ ክፍያ አልተሸከምንም ወይ?» ሲል ተከራክሯል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ጊዜም ወስዶብናል። መልሱን ያገኘነው ዕኩል የተሸከምነውን ባሬላ ትተን ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናስብ ነው። እኛ ስንገባ እራት ተቀምጦልን ነበር፤ በማግሥቱም እስከ ረፋዱ ተኛን። አዳራሹ የእኛው ነው፤ የምንዘምርበት እኛ ነን። በመጨረሻም ያን ማታ «ደከመኝ» ብለን ብንሄድ ከወዳጆቻችን ቀልድ በቀር የሚደርስብን ነገር አልነበረም። ድካሙ አንድ ዐይነት ሊሆን ይችላል፤ ፈቃዱ ግን አንድ አልነበረም።

ሌላው ክርክር ከአገራችን ልማድ የተነሣ ነበር። «በአዊ ምድር ደቦ አለ፣ ወንፈል አለ፤ ሰው ለሰው ያለ ዋጋ መሥራቱ አዲስ ነገር አይደለም» ተባለ። ይህ ክርክር መጀመሪያ ሲሰሙት ያሸንፋል። ቀረብ ብለን ስንመለከተው ግን የሚመሰክረው በእኛው ላይ ነው። ወንፈል ያለ ዋጋ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ዛሬ የእኔን ማሳ ያጨደ ሰው ነገ የእርሱን እኔ አጭድለታለሁ፤ ቀን በቀን፣ ሰው በሰው ይቈጠራል፤ በወረቀት አይጻፍ እንጂ የቀረ ቀን የሚረሳ የለም። ደቦም ቢሆን ሕግ አለው። ደቦ የጠራ ባለቤት ምግቡንና ጠላውን አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ የሰውን ጕልበት ጠርቶ በባዶ ሆድ የሰደደ ሰው በሁለተኛው ዓመት ቢጠራ የሚመጣለት አያገኝም። ደግሞም ደቦ የሚወጣው ጎረቤት ነው፤ ነገ እርሱም ጠሪ ይሆናል። ከገጠር በእግሩ መጥቶ የቀን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ግን የእኛን ጕልበት መቼ ይጠራል? ለማሳው ሄደን ልናርምለት ነው? ከልማዱ ውስጥ ለእኛ የሚመቸውን ግማሽ፣ ማለትም ያለ ገንዘብ መሥራቱን፣ ወስደን ብድር መመለሱን ተውነው። አባቶቻችን በወንፈል ሒሳብ ከእኛ ይልቅ ጥንቁቆች ነበሩ ለማለት ይቻላል።

የመንግሥትን ሕግ ያነበብነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ቢያሳፍረንም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የወጣው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደውም እንዲያው አሠሪው ስለፈለገ አይደለም። አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ በአስቸኳይ መሠራት ያለበት ሥራ ሲኖር፣ ወይም ሳይቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረውን ሠራተኛ ለመተካት ነው። የእኛ ሶሌታ ከአስቸኳዩ ሥራ ሊመደብ ይችል ይሆናል። ነገር ግን አስቸኳይነቱ ሰዓቱን ይፈቅዳል እንጂ ክፍያውን አያስቀርም። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ ይታሰባል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በአንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። እንግዲህ 400 ብር ለ8 ሰዓት ከሆነ የአንዱ ሰዓት ዋጋ 50 ብር ነው፤ ትርፉ ሰዓት 75 ብር ይሆናል፤ 4 ሰዓት 300 ብር፤ ለ12 ሰው 3600 ብር። በረከት ያልነው ገንዘብ ልኩ ይህ ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ከዚህ አዋጅ በፊት ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 በቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ከሩብ እጥፍ ብቻ ያስከፍል ነበር። ሰዓቱን ግን በቀን ከ2፣ በወር ከ20፣ በዓመት ከ100 እንዳይበልጥ አጥብቆ ይገድብ ነበር። አዲሱ ክፍያውን ከፍ አድርጎ ሰዓቱን ወደ 4 በቀን፣ 12 በሳምንት አሰፋው፤ በዓመት ሲባዛ ከ600 ይሻገራል። ሠራተኛው አተረፈ ወይስ ከሠረ? በእኛ መካከል ኢኮኖሚክስ የሚያጠናው ወንድማችን አተረፈ ይላል፤ ሌሎቻችን እንጠራጠራለን። ዋጋው ሲወደድ የሚሸጠው ሰዓት በዝቶ፣ ለልጆቹ የሚተርፈው ሰዓት እያነሰ ከሄደ፣ ገንዘቡ ምን እንደሚገዛ እንጃ።

ሕጉ ለእኛ የሚመች አንድ በር አለው። የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በሚመሠርቱት የሥራ ግንኙነት ላይ አዋጁ እንዳይፈጸም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ሊወስን ይችላል ይላል። ከኮሚቴው አንድ አባል ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። እኛ ግን በዚያ በር ለመግባት አፈርን። ከነጋዴው ይልቅ ቤተ ክርስቲያን ለሠራተኛ ያነሰ ዕዳ አለባት ብሎ ማስተማር የሚቻለው የትኛውን ምዕራፍ ገልጦ ነው? በሰንበት ትምህርት ቤት የተማርነው የኦሪት ሕግ የድኻውን የምንዳ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ በዕለቱ ስጥ ይላል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም አዝመራ ላጨዱ ሠራተኞች የተከለከለ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ጽፏል። የወይኑ ባለቤት ምሳሌም ይነሣልን ይሆናል፤ አንድ ሰዓት ብቻ ለሠሩት እንደ ሙሉ ቀን ከፍሏልና። ልብ በሉ፤ ያ ባለቤት የለገሰው ከራሱ ኪስ ነው፤ ለቀደሙትም የተዋዋሉትን አላጎደለባቸውም። እኛ የለገስነው ከሠራተኛው ኪስ ነበር።

ስለ ምርታማነት ጥቂት እንበል፤ «ሰዓት ካልተጨመረ ሥራ አይገፋም» የሚለው አስተሳሰብ በከተማም በገጠርም ሥር የሰደደ ነውና። ይህ አስተሳሰብ የቈየ ነው። ፈርዖን በእስራኤል ላይ ገለባውን ከልክሎ የጡቡን ቍጥር እንዳለ አስቀረ፤ ሰዎቹ ገለባ ፍለጋ በምድሪቱ ተበተኑ፤ ጡቡም ጎደለ፤ የተገረፉትም ከእስራኤል ልጆች መካከል የተሾሙት አለቆች ናቸው። በቅርቡ ዘመንም ተፈትኗል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ጥይትና መድፍ በሚሠሩ ፋብሪካዎቻቸው ሠራተኛውን በሳምንት 70 ሰዓትና ከዚያም በላይ ያሠሩ ነበር። በ1915 እ.ኤ.አ. የሠራተኞቹን ጤና የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ኮሚቴውም አስቀድሞ ካነሣቸው ጉዳዮች አንዱ የእሑድ ሥራ ነበር። በዚያ ዘመን የተመዘገበውን ቍጥር ጆን ፔንካቬል የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቅ እንደገና መርምረው በ2014 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ በሳምንት ከ50 ሰዓት ገደማ በኋላ የሚጨመረው ሰዓት የሚሰጠው ፍሬ እያነሰ ይሄዳል፤ 70 ሰዓት የሠራውም 56 ሰዓት ከሠራው እምብዛም የበለጠ አላመረተም። የእሑድ ዕረፍት መቅረቱም የሳምንቱን ምርት ጎድቶት ተገኝቷል። ጦርነት ላይ ያለ አገር ሠራተኛን ለማሞላቀቅ ብሎ እንዲህ ያለ ነገር አይጽፍም።

ከአገራችን ደግሞ የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ መጥቀስ ይቻላል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበረና ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ በአዲስ እንደሚተኩ አስፍረዋል። አንዲት ልጅ መስፋት ለምዳ እጇ ሲፈጥን ትሄዳለች፤ በቦታዋም ያልለመደች ትገባለች። በደመወዝ የተቈጠበው በዚህ ይወጣል።

ለዚህ ሩቅ መሄድም አላስፈለገንም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሶሌታው ጣውላ ሲነቀል፣ ቀን የተሞላው ሁለት እጅ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ማታ የተሞላው ሲሶ በሁለት ቦታ እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሮ ተገኘ። በማልታ ተደፈነ። ለሲሚንቶውና ለግንበኛው የወጣውን ወጪ ሒሳብ ያዡ አሳይተውናል፤ ከ3600 ብር ላይ ምን ያህል እንደቀነሰልን ግን ለመናገር ደስ አይለንም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ትርፍ ሰዓት ራሱ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። በፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ከሰል የሚያከስል ሰው ክምሩን ትቶ አይተኛም፤ አየር ከገባው የወራት ድካሙ በአንድ ሌሊት ዐመድ ይሆናል። ወደ ጃዊና ወደ መተማ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደውም ሰው ፍሬው ሳይረግፍ መሽቀዳደም አለበት። ከእነዚያው 12 ሰዎች መካከል አንድ ወጣት «ትርፍ ሰዓት ካለ ጥሩኝ፤ ዋጋውን ብቻ ቀድማችሁ ንገሩኝ» ብሎናል። የእርሱን ንግግር ከሽማግሌው ንግግር ጋር ስናስተያየው ልዩነት አላገኘንበትም። አንዱ ለመስጠት፣ ሌላው ለመሸጥ ዝግጁ ነው፤ ሁለቱም የሚሹት ቀድሞ መጠየቅን ነው።

«ትርፍ» የሚለውንም ቃል አስቡት። በአማርኛችን የተረፈውም፣ ነጋዴ ያገኘውም ትርፍ ይባላል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ግን ከማን ሕይወት የተረፈ ነው? የእራት ሰዓት ነው፤ ልጅ ከመተኛቱ በፊት አባቱን የሚያይበት ሰዓት ነው፤ የጸሎት ሰዓት ነው። በኦሪት የሰንበት ትእዛዝ ውስጥ ባለቤቱ ብቻ ይረፍ አልተባለም፤ አገልጋዩም፣ ገረዲቱም፣ እንግዳውም፣ በሬና አህያው ሳይቀር ተቈጥረዋል። በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ የወሰኑት አባቶቻችን፣ ዕረፍት ለጌታውም ለሎሌውም መሆኑን ያውቁ ነበር።

ይህን ስንጽፍ ወደ ቤታችን መመልከት ግድ ሆነብን። በእሑድ ጧት ጉባኤያችን ላይ የማናያቸው እኅቶች አሉ። ከእኛው ቤት ሳንወጣ የምናገኛቸው የቤት ሠራተኞች ናቸው። እኛ ነጠላ ለብሰን ስንወጣ እነርሱ ወጥ ላይ ይቀራሉ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥተው፣ የመጨረሻው ሰው እግሩን ታጥቦ እስኪተኛ ድረስ ቆመው፣ መደበኛው ሰዓታቸው የት ላይ አልቆ ትርፉ የት ላይ እንደሚጀምር የነገራቸው ሰው የለም። ከላይ የጠቀስነው አዋጅ አይሸፍናቸውም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው በቤቱ የሚኖረውን ሠራተኛ መኖሪያ፣ ምግብ፣ የሥራና የዕረፍት ጊዜ እንዲጠነቀቅለት በጥቂት ቃል አዝዞ ያልፋል። የሚቈጣጠር ማን ነው? ከመካከላችን አንዷ እኅታችን ለእናቷ ይህን አንሥታ «እንደ ልጄ ነው የማያት» የሚል መልስ አገኘች። «እንደ ልጅሽ ከሆነች እሑድ ከእኔ ጋር ትምጣ» ብላ ብትጠይቅ ግን ነገሩ እስካሁን አልተወሰነም። እናትን መክሰስ ከባድ ነው፤ የእራቱን ሳሕን ራሷ ማጠብ መጀመሯን ነግራናለች።

ወደ አዳራሹ እንመለስ። 3600 ብሩ ይከፈል የሚለውን ሐሳብ ለኮሚቴው አቀረብን። «ለሌላ ጊዜ መጥፎ ልማድ ይሆናል»፣ «ምእመናን ለሕንፃ የሰጡት ገንዘብ ነው» የሚል ተቃውሞ ነበር። ሁለተኛው ክብደት ስላለው ከእኛ ከተማሪዎቹና ከወላጆቻችን ግማሹን አዋጥተን፣ ግማሹ ከኮሚቴው ወጣ። ከዚያም ሰዎቹን መፈለግ ጀመርን። የቀን ሠራተኛ ስሙ በመዝገብ አይገኝም፤ ስናሠራቸው የስድስቱን እንኳ ስም አናውቅም ነበር። በገበያ ቀን እየጠየቅን ሰባቱን አገኘን።

ሽማግሌው 300 ብሩን ቈጥረው በኪሳቸው ካስገቡ በኋላ «ሶሌታው ያዘ?» ብለው ጠየቁን። ስለ ቀዳዳዎቹ ነገርናቸው። «ወደ መጨረሻው ላይ ቫይብሬተሩን የያዘው ልጅ ቆሞ ያንቀላፋ ነበር፤ አይቼዋለሁ» አሉ። ለምን አልነገሩንም ብለን ልንጠይቃቸው ፈልገን ተውነው።

የአምስቱ ሰዎች 1500 ብር በፖስታ ታሽጎ በሒሳብ ያዡ ዘንድ ተቀምጧል። ያን ዕለት ከእኛ ጋር አሸዋ የተሸከመ ሰው የምታውቁ አንባብያን ብትኖሩ ላኩልን።